ክሪስ ዴይሊ፦ በሁለተኛው ወንበር ላይ አራት አሥርት ዓመታት

ክሪስ ዴይሊ በአሜሪካ የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲን የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ከ1985 ጀምሮ በረዳት አሠልጣኝነት፣ ቀጥሎም በተባባሪ ዋና አሠልጣኝነት ያገለገሉ ባለሙያ ናቸው። ቡድኑ እስከ 2025 ድረስ ያነሳቸው 12 ብሔራዊ ዋንጫዎች በሙሉ የተገኙት እርሳቸው በአሠልጣኞቹ ወንበር ላይ እያሉ ነው። ይሁን እንጂ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት የዋና አሠልጣኝነቱን ስም ይዘው አያውቁም። በስፖርቱ ዓለም ረዳትነት ብዙ ጊዜ ወደ ዋናው ወንበር መሸጋገሪያ ተደርጎ ይታያል። የዴይሊ የሥራ ሕይወት ግን ረዳትነት በራሱ የዕድሜ ልክ ሙያ ሊኾን እንደሚችል፣ የአንድ ቡድን ጽናትም በዚህ ሙያ ላይ ምን ያህል እንደሚመሠረት የሚያሳይ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን የዘመን አቆጣጠር ናቸው።

ከአምበልነት ወደ አሠልጣኝነት

ዴይሊ ተጫዋች በነበሩበት ዘመን የአሜሪካ ሴቶች የኮሌጅ ስፖርት ገና በመደራጀት ላይ ነበር። በ1972 የወጣው ሕግ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ የትምህርት ተቋማት በጾታ ምክንያት ልዩነት እንዳያደርጉ ከለከለ። ይህ ሕግ በዩኒቨርሲቲዎች ለሴቶች የስፖርት ቡድኖችና ለነጻ የትምህርት ዕድል በር ከፈተ። በዚያን ጊዜ የሴቶቹን ውድድር ይመራ የነበረው ለሴቶች ስፖርት ብቻ የተቋቋመ ማኅበር ሲኾን፣ የወንዶቹን ውድድር የሚመራው ትልቁ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር የራሱን የሴቶች ቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና የጀመረው በ1982 ነው። በዚህም ምክንያት በዚያ ዓመት በአሜሪካ ሁለት ብሔራዊ ሻምፒዮናዎች ተካሄዱ።

በኒው ጀርሲ ግዛት ያደጉት ዴይሊ በዚያው ግዛት በሚገኘው የሩትገርስ ዩኒቨርሲቲ ተጫወቱ። በ1982 በአምበልነት የመሩት ቡድን በአሠልጣኝ ቴሬሳ ግሬንትዝ እየሠለጠነ የሴቶቹን ማኅበር ዋንጫ አነሳ። በፍጻሜው ጨዋታ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲን 83 ለ 77 አሸነፈ። ይህም ማኅበሩ ያዘጋጀው የመጨረሻው የቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና ኾነ።

በጊዜው አንዲት ጎበዝ ተጫዋች ከዩኒቨርሲቲ ስትመረቅ በሀገሯ የምትጫወትበት ጸንቶ የቆየ ፕሮፌሽናል ሊግ አልነበረም። ዛሬ የሚታወቀው የአሜሪካ ሴቶች ፕሮፌሽናል ሊግ ውድድሩን የጀመረው በ1997 ነው። ስለዚህ ከጨዋታው መለየት ለማይፈልጉ ሴቶች ዋነኛው አማራጭ አሠልጣኝነት ነበር። ዴይሊም ሥራውን በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በረዳትነት ጀመሩ፤ ከዚያም ወደ ሩትገርስ ተመልሰው በረዳትነት ሠሩ።

ከታች የተነሳው ቡድን

በ1985 የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ ጂኖ ኦሪየማን የሴቶች ቡድን ዋና አሠልጣኝ አድርጎ ቀጠረ። ኦሪየማ በጣሊያን ተወልደው በልጅነታቸው ወደ አሜሪካ የሄዱ፣ ቀድሞም በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ረዳት አሠልጣኝ የነበሩ ናቸው። እርሳቸውም ዴይሊን ረዳታቸው አድርገው ወሰዱ። ሁለቱ የተረከቡት ቡድን ከዚያ በፊት በነበረው ታሪኩ ከሽንፈቱ ድሉ የበለጠበት የውድድር ዓመት አንድ ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው ዓመትም ቀላል አልነበረም። ቡድኑ 12 ጨዋታ አሸንፎ በ15 ተሸነፈ። በሁለቱ ባለሙያዎች የጋራ ዘመን ሽንፈት ከድል የበለጠበት ዓመትም ይኸው ብቻ ነው። ዴይሊ በ1988 ተባባሪ ዋና አሠልጣኝ ኾኑ። በ1989 ቡድኑ የምድቡን ሻምፒዮናነት አገኘ፤ በ1991 ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች አንዱ ኾነ። በ1995 ያደረጋቸውን 35 ጨዋታዎች በሙሉ አሸንፎ የመጀመሪያውን ብሔራዊ ዋንጫ አነሳ። ሥራው ከተጀመረ እስከዚያ ዋንጫ ድረስ ዐሥር የውድድር ዓመታት አልፈዋል። አርሶ አደር መሬቱን አለስልሶ፣ ዘሩን መርጦ የምርቱን ጊዜ በትዕግሥት እንደሚጠብቅ ሁሉ፣ ቡድኑም በአንድ ጊዜ ሳይኾን በየዓመቱ በተጨመረ ሥራ ተገነባ።

የረዳት አሠልጣኝ ሥራ

የኮሌጅ ስፖርት ከክለብ ስፖርት የሚለይበት አንድ መሠረታዊ ጉዳይ አለ። የኮሌጅ ተጫዋች ተማሪ ናት፤ በመደበኛው አሠራር የምትጫወተው ለአራት የውድድር ዓመታት ነው። ቡድኑ የቱንም ያህል ቢያሸንፍ ምርጦቹ ተጫዋቾች ተመርቀው ይሄዳሉ። ስለዚህ አሠልጣኞች በየዓመቱ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አዳዲስ ልጆችን መፈለግ ይኖርባቸዋል። የዚህ ሥራ ትልቁ ክፍል የሚወድቀው በረዳቶች ትከሻ ላይ ነው።

ረዳት አሠልጣኝ በየከተማው እየተዘዋወረች ጨዋታዎችን ትመለከታለች፤ ከተማሪዋ አሠልጣኝና መምህራን ጋር ትነጋገራለች፤ ደንቡ በሚፈቅደው ጊዜም ወደ ቤተሰቧ ቤት ትሄዳለች። ወላጆች በዚህ ጊዜ የሚጠይቁት ስለ ኳስ ብቻ አይደለም። ልጃቸው የት እንደምታድር፣ ብትታመም ማን እንደሚያስታምማት፣ ትምህርቷን ማን እንደሚከታተል ይጠይቃሉ። ልጃቸውን ከቤት አርቀው ለመላክ የሚወስኑት ለእነዚህ ጥያቄዎች በሚሰጣቸው መልስ ላይ ተመሥርተው ነው። ለአንዲት ተጫዋች ሙሉ ነጻ የትምህርት ዕድል ማግኘት የአራት ዓመት የዩኒቨርሲቲ ወጪ ከቤተሰቧ ላይ ተነሳ ማለት ነው። ለረጅም ዓመታት በሥራ ላይ በቆየው ደንብ በከፍተኛው ደረጃ የሚወዳደር አንድ የሴቶች ቡድን በአንድ ጊዜ ሊሰጥ የሚችለው ይህ ዕድል ለ15 ተጫዋቾች ብቻ ነበር። በምርጫ መሳሳት ዋጋ የሚያስከፍለውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ሥራ የተጋጣሚ ጥናት ነው። በብዙ ቡድኖች ረዳቶች የሚመጡትን ጨዋታዎች ይከፋፈላሉ። እያንዳንዷ ረዳት የደረሳትን ተጋጣሚ ያለፉ ጨዋታዎች በምስል ታያለች፤ ኳሱ በማን እጅ እንደሚበዛ፣ ቡድኑ ሲጨነቅ ወደ የትኛው ወገን እንደሚያጠቃ ትመዘግባለች፤ ከዚያም ለተጫዋቾቹ በአጭሩ ታስረዳለች። ሦስተኛው ሥራ በልምምድ ሜዳ የየተጫዋቿን ችሎታ በተናጠል ማሳደግ ነው።

አራተኛው ሥራ በቁጥር የማይለካ ነው፤ ይኸውም የቡድኑን ሥርዓት መጠበቅ ነው። ዴይሊ በይበልጥ የሚታወቁት በዚህ ነው። ሰዓት ማክበር፣ ለሰው ክብር መስጠት፣ በአደባባይ በአግባቡ መታየት በኮኔቲከት ቡድን እንደ ልምምድ ሁሉ ግዴታ ነው፤ ይህን በየዕለቱ የሚከታተሉትም እርሳቸው ናቸው። ዋና አሠልጣኝ ተጫዋችን ሲቆጣ የተጫዋቿ ቅሬታ ቀድሞ የሚደርሰው ወደ ረዳቷ ነው። ረዳት በዚህ ጊዜ የዋናውን ቃል ሳታፈርስ ልጅቷን የምታጽናና፣ ስሕተቷንም የምታሳይ መኾን ይጠበቅባታል። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" እንደሚባለው፣ ሥራው ለአንድ ሰው ቢተው ሸክም የሚኾን ነው።

ዋናው አሠልጣኝ በሌለበት

የረዳት ብቃት በግልጽ የሚፈተነው ዋናው አሠልጣኝ በማይገኝበት ቀን ነው። በመጋቢት 2021 የብሔራዊው ሻምፒዮና ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ኦሪየማ በኮሮና ቫይረስ መያዛቸው ተረጋገጠ። ውድድሩ በወረርሽኙ ምክንያት በቴክሳስ ግዛት በሳን አንቶኒዮና በአካባቢው ብቻ የሚካሄድ ነበር። በዚህ ሻምፒዮና አንድ ጊዜ የተሸነፈ ቡድን ወዲያውኑ ይሰናበታል። ዴይሊ ቡድኑን ይዘው ሄዱ። በመጀመሪያው ጨዋታ ሃይ ፖይንትን 102 ለ 59፣ በሁለተኛው ሲራክዩስን 83 ለ 47 አሸነፉ። ኦሪየማ ሲመለሱ የተረከቡት ከውድድሩ ያልወጣ ቡድን ነበር፤ ቡድኑም እስከ መጨረሻዎቹ አራት ዘለቀ።

በሌላ በኩል የቡድኑ ተጫዋቾች ዴይሊን የማጣት ሥጋት ያደረባቸው ቀንም ነበር። ኅዳር 20 ቀን 2022 በሃርትፎርድ ከተማ ከኖርዝ ካሮላይና ስቴት ጋር ሊደረግ የነበረው ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት ዴይሊ ራሳቸውን ስተው ሜዳው ላይ ወደቁ። በቃሬዛ ሲወጡ ለተመልካቹ እጃቸውን አውለበለቡ። ጨዋታው ቀጥሎ ቡድኑ 91 ለ 69 አሸነፈ፤ እርሳቸውም አገግመው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

በተቃራኒው ወገን የነበሩት

ኮኔቲከት በ1995 የመጀመሪያ ዋንጫውን ያነሳው ቴነሲ ዩኒቨርሲቲን 70 ለ 64 አሸንፎ ነው። በዚያ ቀን በቴነሲ ወንበር ላይ ከዋና አሠልጣኝ ፓት ሰሚት ጎን ሚኪ ዴሞስና ሆሊ ዋርሊክ ተቀምጠው ነበር። የሚገርመው ሁለቱም በቴነሲ ረዳትነት የጀመሩት ልክ እንደ ዴይሊ በ1985 ነው። የእነርሱ ጉዞ ግን የተለየ መልክ ነበረው።

ዴሞስ ለ18 ዓመታት በረዳትነት ሠርተው በ2003 የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ዋና አሠልጣኝ ኾኑ። ከአራት ዓመት በኋላ ያን ኃላፊነት ለቀው ወደ ረዳትነት ተመለሱ፤ በ2010 ደግሞ ዳግም ከሰሚት ጎን ተገኙ። ዋርሊክ በበኩላቸው ከቴነሲ ሳይለዩ 27 ዓመታት በረዳትነት ቆዩ። በነሐሴ 2011 ሰሚት የማስታወስ ችሎታን የሚያዳክም የአልዛይመር ሕመም እንዳለባቸው ይፋ ሲያደርጉ፣ የቀጣዩን ዓመት የዕለት ተዕለት ሥራ የተሸከሙት ረዳቶቻቸው ነበሩ። ቡድኑ በዚያ ዓመት 27 ጨዋታዎችን አሸነፈ። ድሎቹ በሙሉ የተመዘገቡት በዋና አሠልጣኟ ስም ሲኾን፣ ከሰሚት ጠቅላላ 1 ሺህ 98 ድሎች ውስጥም ተቆጥረዋል። ሰሚት በሚያዝያ 2012 ሲለቁ ዋርሊክ ተተኩ፤ እስከ 2019ም ዋና አሠልጣኝ ኾነው ሠሩ።

ሦስቱ ሴቶች ሦስት መንገድ ሄዱ። አንዷ ወጥተው ተመለሱ፤ አንዷ የቆዩበትን ቤት ወረሱ፤ ዴይሊ ደግሞ በነበሩበት ጸኑ። ሦስቱንም የሚያመሳስላቸው የአሸናፊነቱ መዝገብ ስማቸውን ሳይዝ ለረጅም ዓመታት የድሉን ሥራ መሥራታቸው ነው።

ዘግይቶ የመጣ ዕውቅና

በ2018 ዴይሊና ዴሞስ በአንድ ዓመት ወደ ሴቶች ቅርጫት ኳስ የዝና መዝገብ ገቡ። በቴነሲ ግዛት በኖክስቪል ከተማ የሚገኘው ይህ ተቋም በአብዛኛው ተጫዋቾችንና ዋና አሠልጣኞችን የሚያከብር ነው። ስማቸው በዋናነት በረዳትነት የታወቀ ሁለት ባለሙያዎች በአንድ መድረክ መከበራቸው ለሙያው ትልቅ ዕውቅና ነበር።

ኅዳር 20 ቀን 2024 ኮኔቲከት ፌርሊ ዲኪንሰንን 85 ለ 41 ሲያሸንፍ ኦሪየማ 1 ሺህ 217ኛ ድላቸውን አስመዝግበው በኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ታሪክ ከሁሉም አሠልጣኞች በላይ ኾኑ። የዚያ ምሽት ዝግጅት የሁለቱንም የ40ኛ ዓመት አገልግሎት የሚያከብር ነበር። በሚያዝያ 2025 ደግሞ ቡድኑ ሳውዝ ካሮላይናን 82 ለ 59 አሸንፎ 12ኛውን ዋንጫ አነሳ። ከቀደመው ዋንጫ ወዲህ ዘጠኝ ዓመታት አልፈው ነበር።

በእነዚህ 40 ዓመታት ተጫዋቾች መጥተው ተመርቀዋል፤ ሌሎች ረዳቶችም ተተክተዋል፤ ደንቦችም ተለውጠዋል። ከ1985 ጀምሮ በቦታቸው የቆዩት ዋናው አሠልጣኝና ተባባሪያቸው ናቸው። የድሉ ቁጥር የሚጻፈው በአንደኛው ስም ነው፤ ያ ቁጥር የተገኘበት ሥራ ግን የሁለቱም ነው።