ከደብረ ታቦር የወጣው ተማሪ

እኛ የእብናት ተማሪዎች ሽርሽር ይደረጋል ሲባል ደስታችን ወሰን የለውም። ስንቃችንን ቋጥረን መምህራኖቻችንን ተከትለን የምንወጣበትን ቀን በጣታችን እንቆጥራለን። የጉናን ብርድ እንኳ (ከፍታው ከ4,100 ሜትር በላይ ነው) የምንደፍረው፣ ስንመለስ የእናታችን ምድጃ እንደሚጠብቀን ስለምናውቅ ነው። ስለዚህ በዚህ መጽሔት ከዚሁ ከደጋችን ወጥቶ፣ ብዙ ባሕርና ብዙ አገር አይቶ፣ ነገር ግን ሳይመለስ ስለ ቀረ አንድ ተማሪ ለመጻፍ አሰብን። እርሱም የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ነው። ዘመኑን የምንጽፈው በአገራችን አቆጣጠር ነው።

ልዑሉ በሚያዝያ 1853 ዓ.ም. በደብረ ታቦር ተወለደ። እናቱ የደጃዝማች ውቤ ልጅ እቴጌ ጥሩወርቅ ናቸው። በዚያ ዘመን ከከተማይቱ አጠገብ በጋፋት የአውሮፓ የእጅ ሥራ ዐዋቂዎች ለንጉሠ ነገሥቱ መድፍ ይሠሩ ነበር፤ ሴባስቶፖል የተባለው ታላቁ መድፍም የዚያ ሥራ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሲሠዉ፣ ዓለማየሁ ሰባት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር።

የእንግሊዝ ጦር እናትና ልጁን ይዞ ወደ ባሕር ጉዞ ጀመረ። እቴጌይቱ ግን ታመው ነበርና በግንቦት ወር በመንገድ ላይ ዐርፈው ጨለቆት ተቀበሩ። ሕፃኑ በአንድ ወር ጊዜ አባቱንም እናቱንም አጣ። በመርከብ ሲሳፈር ከጎኑ የነበረው አማርኛ የሚያውቀው ካፒቴን ስፒዲ ነው፤ ያገራችን ሰዎች ባሻ ፈለቀ ይሉት ነበር። ልጁም ከእርሱ መለየት አይወድም ነበር።

እንግሊዝ አገር እንደ ደረሱ በዋይት ደሴት ተቀመጡ። ንግሥት ቪክቶሪያም በዚያው ደሴት ባለው ቤተ መንግሥታቸው ልጁን አይተው ወደዱት። ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለችው ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺ ያነሣችውን ሥዕሉን ያየ ሰው፣ ዐይኖቹ ወደ ሩቅ እንደሚመለከቱ ያስተውላል። ከዚያ ስፒዲ ለሥራ ወደ ህንድ፣ ቀጥሎም ወደ ፔናንግ ሲላክ ልጁን ይዞት ሄደ። አንድ የደብረ ታቦር ሕፃን በዚያ ዕድሜው ስንት ባሕር ተሻገረ! ለእኛ ቢሆን በየክፍሉ እየዞርን የምናወራው ጀብዱ ይሆን ነበር። ሆኖም የት እንደሚሄድ አንድም ጊዜ እርሱ አልመረጠም። የእንግሊዝ መንግሥትም በመደበኛ ትምህርት ቤት ይማር ብሎ፣ ንግሥቲቱ ሳይወዱ፣ ከስፒዲ ለይቶ ወደ እንግሊዝ መለሰው።

በቼልተንሃም፣ ቀጥሎም በራግቢ ተማረ። ከመጽሐፍ ይልቅ በኳስ ጨዋታ ይቀናው ነበር፤ ጓደኞቹም ይወዱት ነበር። (ይህን ስናነብ የራሳችንን ክፍል ልጆች አስታወሰን።) ወደ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ሲገባ ግን ደስታ አላገኘም። ትቶት ወጥቶ ሊድስ በምትባል ከተማ በመምህር ቤት ተቀመጠ።

አሁን አንባቢ ቀኑን ያስተውል። በጥቅምት 1872 ዓ.ም. ለግብፅ ገዥ ያገለግል የነበረው እንግሊዛዊው ጎርዶን፣ ከዐፄ ዮሐንስ ጋር ሊነጋገር ደብረ ታቦር ገባ። እንግሊዛዊው በደብረ ታቦር ሳለ የደብረ ታቦሩ ልጅ በእንግሊዝ አገር በሳንባ በሽታ ተይዞ ነበር። ጎርዶን ሳይስማማ ተመለሰ። ዓለማየሁ በኅዳር ወር በ18 ዓመቱ ሞተና በዊንዘር፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ተቀበረ።

በ2007 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ዐፅሙ ለአገሩ እንዲመለስ እንግሊዝን ጠየቁ። በግንቦት 2015 ዓ.ም. የንግሥና ቤቱ፣ በአጠገቡ ያረፉትን ሳይነኩ ዐፅሙን ማውጣት አይቻልም ሲል መለሰ። እኛ ምክንያቱን ሰምተናል፤ ልባችን ግን አልተቀበለውም። የእናቱ መቃብር በጨለቆት፣ የተወለደበት ከተማም በዚሁ በደጋችን አለና።

በመስከረም 2016 ዓ.ም. በስፒዲ ዘሮች እጅ ተጠብቆ የኖረ የልዑሉ የፀጉር ዘለላ ለንደን ላይ ለኢትዮጵያ ተሰጠ። ከአካሉ ወደ ወገኑ እጅ የገባው እስካሁን እርሱ ነው።