ካሜራ ወደ አርሲ ደጋ ሲወጣ

በ1926 ዓ.ም. መግቢያ ላይ አንድ የ23 ዓመት እንግሊዛዊ ጓዙን አስጭኖ ወደ አርሲ ተራሮች ወጣ። ዊልፍሬድ ቴሲገር ይባላል፤ የተወለደው አዲስ አበባ፣ አባቱ ይመሩት በነበረው የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ነው። ዋና ሐሳቡ አዋሽ የት ገብቶ እንደሚቀር ማየት ነበር። የአርሲው መንገድ ለዚያ ጉዞ መለማመጃ ሆነው። የያዛት ካሜራ ከአባቱ የቀረች ኮዳክ ነበረች፤ ላይካ የገዛው በዓመቱ ነው። ያኔ ፎቶ ማንሣት ለእሱ የመንገድ ማስታወሻ ከመያዝ ያለፈ ነገር አልነበረም። ሲሞት ግን 38,000 ያህል ኔጋቲቭ ትቷል፤ ዛሬ ኦክስፎርድ በሚገኘው ፒት ሪቨርስ ሙዚየም ተቀምጧል።

በዚያ ዘመን ተጓዥ ያነሣው ፊልም የሚታጠበው አብዛኛውን ጊዜ ባሕር ተሻግሮ ነበር። ስለዚህ ቆሞ የተነሣው ሰው የራሱን መልክ ሳያይ ይቀራል። የፎቶን ታሪክ በአርሲ ደጋ ስንጽፍ ጥያቄው ካሜራው መቼ መጣ ከማለት ይልቅ ፎቶው መቼ ከተነሺው እጅ ገባ ቢሆን ይሻላል።

ለትርፍ ጊዜ የተያዘ ካሜራ በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ከቴሲገርም በፊት ሥራ ሠርቷል። ከመቅደላ የተወሰደው ልዑል ዓለማየሁ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1868፣ በእንግሊዝ አገር ዋይት ደሴት ላይ ያነሣችው ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ናት። ይህች ሴት ፎቶ የጀመረችው በ48 ዓመቷ፣ ልጇ ካሜራ በስጦታ ከሰጠቻት በኋላ ነው። የዚያን ወላጅ አልባ ልጅ ያዘነ ዓይን ዛሬም የምናየው አንዲት እናት ለጊዜ ማሳለፊያ በተሰጣት ሣጥን አማካይነት ነው። በአገር ቤት ደግሞ ካሜራው በቅድሚያ የቤተ መንግሥት ሆነ። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ለዳግማዊ ምኒልክ፣ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮም ከምኒልክ ቀጥለው ለነበሩት ነገሥታት ፎቶ አንሺ ሆነው አገልግለዋል።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። ወታደሮቹ ትንንሽ ካሜራ በኪሳቸው ይዘው፣ ለቤተሰብና ለጓደኛ የሚያሳዩትን እያነሡ አገሩን ዞሩ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ የቀሩልን ፎቶዎች ብዙዎቹ በጣሊያኖች እጅ የተነሡ ናቸው። አልበም ለማሳመር የተነሣው የአንሺው ወንጀል ምስክር ሆነ፤ የኢትዮጵያ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ ስለ ጦር ወንጀሉ ካሳተማቸው ማስረጃዎች መካከልም ፎቶዎች አሉበት።

ወደ አርሲ ደጋ እንመለስ። ሳጉሬ ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ የዲገሉና ጢጆ ወረዳ ከተማ ናት። ስንዴና ገብስ የሚበቅልበት ብርዳማ ደጋ ነው። በ1960 ዓ.ም. መግቢያ በስዊድን እርዳታ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ሕዝቡ ካዱ የሚለው፣ አሰላ ላይ ሲቋቋም ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያና ብድር ወደ ገበሬው ወረደ፤ መጋቢ መንገድም ተሠራ። ትራክተር የገዛው ባለ መሬት ጭሰኛውን ማፈናቀሉም አይረሳም። ቢሆንም በገበያ ከተሞቹ ገንዘብ መዘዋወሩ በዛ፤ ፎቶ ቤት የሚቆመው ደግሞ ገንዘብና ሰው በሚዘዋወርበት ነው።

ፎቶን የሁሉም ሰው ያደረገው ግን ውበት አይደለም፤ ጉርድ ፎቶ ነው። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቀበሌዎች ተቋቋሙ፤ ከቀበሌ ጋር መታወቂያ መጣ። ተማሪው ለብሔራዊ ፈተና፣ ሠራተኛው ለቅጥር፣ ተጓዡ ለይለፍ ወረቀት ጉርድ ፎቶ ተጠየቀ። ካሜራ ፊት ቆሞ የማያውቅ ገበሬ ጋቢውን አስተካክሎ፣ ትንፋሹን ውጦ ተቀመጠ። አንሺውም ደጋግሞ የሚያነሣበት ፊልም የለውም፤ አንዱ ጥቅል 12 ወይም 36 ፎቶ ብቻ ስለሚሰጥ አንድ ሰው አንድ ጊዜ ነው የሚነሣው። የድሮ ፎቶዎቻችን ላይ ሰው ሁሉ ድርቅ ብሎ የሚታየው ከኩራት ብቻ አይምሰለን።

ያቺ ትንሽ ወረቀት ከመንግሥት ዶሴ አልፋ ቤት ገባች። አራት ታትማ ሁለቱ ለቢሮ ከተሰጡ የተረፉት እናት ሣጥን ውስጥ ይቀመጣሉ። ዘማች በቀረባቸው ዓመታት፣ በሶማሊያው ጦርነትም ሆነ ከዚያ ወዲህ፣ ብዙ ቤተሰብ እጅ ላይ የቀረው ይኸው ነበር። ያ ጉርድ ፎቶ ወደ ፎቶ ቤት ተወስዶ እንዲያድግ ይደረጋል፤ አንሺው ዳግመኛ አንሥቶ፣ የደበዘዘውን ቅንድብ በእርሳስ ነካክቶ፣ በፍሬም አድርጎ ይመልሰዋል። ለቅሶ ላይ እኅት ደረቷ ላይ አቅፋ የምትዞረው እሱን ነው። ለመታወቂያ የተነሣ ፊት የሐዘን ሥርዓታችን አካል መሆኑ፣ በዚህ ጸሐፊ ግምት፣ ካሜራ በኑሯችን ውስጥ ካመጣው ለውጥ ሁሉ ትልቁ ነው።

የደስታውም ወገን አለ። ሳሎን ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ፣ ወደፊት ዘንበል ብሎ የሚሰቀለው አንድ ፍሬም የክርስትናውን፣ የሠርጉን፣ የምረቃውን፣ ከከተማ የተላከውን ሁሉ አጨናንቆ ይይዛል። እንግዳ ሲመጣ ቡናው እስኪፈላ አልበም ይቀርብለታል፤ እየገለጠ «ይህቺ ማን ናት?» ሲል የዘመድ ቆጠራው ይጀመራል። ወደ ዓረብ አገር ለሥራ የምትሄድ ልጅ ለኤጀንሲ ሙሉ ቁመቷን ትነሣለች፤ ቅጂው እናት ዘንድ ይቀራል።

በየከተማው ካሜራ የገዛ አንድ መምህር ወይም የጤና ረዳት አይጠፋም ነበር። ለራሱ ደስታ ብሎ ይጀምርና እሑዱ የሰፈሩ ይሆናል፤ ሚዜ ይጠራዋል፣ የክርስትና አባት ይጠራዋል። የቀለም ፊልም በመጣ ጊዜ ጥቅሉ ለእጥበት አዲስ አበባ ተልኮ እስኪመለስ ሰው ደረሰኝ ይዞ ይመላለሳል። ተከፍሎት ይሁን በምርቃት ብቻ፣ የአንድ ትውልድ መልክ የተረፈው በእነዚህ ሰዎች ትርፍ ጊዜ ነው። በሙዚየም ስማቸው ባይጻፍም ከቴሲገር እኩል ሊነገርላቸው ይገባል።

አሁን ስልክ የሌለው ወጣት ጥቂት ነው፤ አንሺና ተነሺ አንድ ሰው ሆነዋል። ለፋይዳ መታወቂያ የሚመዘገብ ሰውም እዚያው በካሜራ ፊቱ ይነሣል እንጂ ጉርድ ፎቶ ይዞ አይሄድም። አዲስ አበባ ላይ ቪንቴጅ አዲስ አበባ የተባለ ፕሮጀክት ከነዋሪዎች አልበም የድሮ ፎቶ ሰብስቦ በመጽሐፍ አሳትሟል። የአርሲ ደጋ ፎቶዎችም እንዲህ ያለ ሰብሳቢ ይፈልጋሉ።

ሳጉሬ፣ አሰላ ወይም በቆጂ ቤተሰብ ያላችሁ አንባቢዎች፣ ሰብሳቢው እስኪመጣ አትጠብቁ። አያቶቻችሁ በሕይወት ሳሉ አልበሙን አስገልጧቸው። ከየፎቶው ጀርባ ስሙን፣ ቦታውንና ዓመተ ምሕረቱን በለስላሳ እርሳስ ጻፉ፤ ብዕር ወደ ፊት ዘልቆ ምስሉን ያበላሻል። የደጋው እርጥበት ፎቶን ከፍሬም መስታወት ጋር ያጣብቃልና በመካከሉ፣ በጠርዙ ዙሪያ ብቻ፣ ወፍራም ወረቀት አስገቡ። የተጣበቀውን ግን አትላጡት፤ መስታወቱ ላይ እንዳለ በስልካችሁ አንሡትና ለዘመድ ሁሉ ላኩት።