ከፊደል ቆጠራ እስከ 8ኛ ክፍል፤ የአንደኛ ደረጃ ሥርዓተ ትምህርት እርከኖች በኢትዮጵያ

የአንደኛ ደረጃ ሥርዓተ ትምህርት ሲዘጋጅ ቀዳሚው ጥያቄ ሕፃኑ ምን ይማር የሚለው ብቻ አይደለም፤ የትኛው ትምህርት ከየትኛው ይቅደም የሚለውም ጭምር ነው። በኢትዮጵያ ለዚህ ጥያቄ በየዘመኑ ልዩ ልዩ መልስ ተሰጥቷል። የመልሶቹ ታሪክ ሲመረመር ግን ከሥሩ አንድ ሌላ ጥያቄ ይገኛል፤ ይኸውም ልጁን ከአንዱ እርከን ወደ ሌላው የሚያሻግረው ችሎታው ነው ወይስ የዓመቱ መለወጥ የሚለው ነው።

በጥንታዊው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አሻጋሪው ችሎታ ነበር። ሕፃኑ በመጀመሪያ ፊደልን በሀሁ ተራ ይቆጥራል፤ ቀጥሎም ተራው በተለወጠበት በአቡጊዳ ይፈተናል። በዚህም ቅደም ተከተሉን በቃሉ ብቻ የያዘው ልጅ ፊደሉን በዓይኑ ለይቶ ከሚያውቀው ይለያል። ከዚያ የሐዋርያው ዮሐንስን መልእክት በቁጥር፣ በግእዝ፣ በውርድና በቁም ንባብ እያሳደገ ያነባል፤ በመጨረሻም ወደ መዝሙረ ዳዊት ይገባል። ዳዊት የደገመ ልጅ የንባብን ትምህርት እንደ ፈጸመ ይቆጠር ነበር። ፈጣኑ ቶሎ ያልፋል፤ የዘገየው ይቆያል፤ ሁለቱም ግን በአንድ መምህር ፊት ይቀመጣሉ፤ ቀድሞ ያወቀውም ታናሹን ያስቀጽላል። በቁርኣን ትምህርት ቤትም እንዲሁ ልጁ ከዐረብኛ ፊደል ተነሥቶ፣ አጫጭሮቹን ምዕራፎች አስቀድሞ ወደ ረጃጅሞቹ ይሸጋገራል።

ይህ ሥርዓት ጉድለት አልነበረውም ማለት አይደለም። የሚነበበው ቋንቋ ሕፃኑ በቤቱ የሚናገረው ባለመሆኑ፣ ንባቡ ከትርጉሙ ቀድሞ ይሄድ ነበር። ትርጉሙ የሚገኘው በቅኔ ቤትና በመጻሕፍት ቤት ሲሆን፣ እስከዚያ የሚዘልቁት ጥቂቶች ነበሩ። ጽሕፈትም ከንባብ ጋር ጎን ለጎን አይሰጥም ነበር።

ዘመናዊው ትምህርት በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት፣ ኋላም በ1917 ዓ.ም. በተከፈተው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲስፋፋ፣ የውጭ ቋንቋዎች ዋነኛውን ስፍራ ያዙ። ከ1933 ዓ.ም. ድል በኋላም ትምህርቱ በክፍልና በዓመት ተከፋፍሎ፣ እንግሊዝኛ ገና ከታችኞቹ ክፍሎች ጀምሮ የማስተማሪያ ቋንቋ ሆነ። ልጁ ሒሳቡንና ሳይንሱን ከመረዳቱ በፊት ቋንቋውን መታገል ነበረበት። በ1956 ዓ.ም. ትምህርቱ በ6-2-4 እንዲደራጅ፣ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ያለውም በአማርኛ እንዲሰጥ ተደረገ። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪው ሕፃን ታላቅ እፎይታ ነበር። አፉን በሌላ ቋንቋ የፈታው ልጅ ግን በ1ኛ ክፍል አንድ፣ በ7ኛ ክፍል ሌላ የቋንቋ ገደል መሻገር ግድ ሆነበት።

የእርከኖቹ አከፋፈል ምን ያህል ከባድ ጉዳይ እንደ ሆነ በ1964 ዓ.ም. የተካሄደው የትምህርት ዘርፍ ጥናት አሳየ። ጥናቱ ለብዙኃኑ ሕፃናት የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንዲሰጥና ወደ ላይ የሚያልፉት ቍጥር እንዲወሰን ሐሳብ አቀረበ። የሐሳቡ መነሻ ያለውን ገንዘብ ለብዙዎች ማዳረስ ቢሆንም፣ መምህራንና ወላጆች የድኻውን ልጅ በ4ኛ ክፍል የሚያስቀር አጥር አድርገው አዩት። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ካቆሙባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ሲሆን፣ ዕቅዱም ሳይፈጸም ቀረ።

የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን ስምንት ዓመት አድርጎ፣ ከ1ኛ እስከ 4ኛና ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል በሚሉ ሁለት እርከኖች ከፈለው። በመጀመሪያው እርከን አንድ መምህር የክፍሉን ትምህርት ሁሉ እንዲያስተምር፣ የተፈጥሮና የኅብረተሰብ ትምህርትም በአካባቢ ሳይንስ ተዋሕዶ እንዲቀርብ ተደረገ። በ5ኛና በ6ኛ ክፍል ሳይንስ ራሱን ችሎ በአንድነት ይሰጥ ነበር፤ በ7ኛ ክፍል ደግሞ ወደ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ይከፈል ነበር። ትምህርቱ ከቤትና ከመንደር ወደ ሀገር፣ ከተዋሐደ ወደ ተለየ የሚያድገው የሕፃኑን አእምሮ ዕድገት ተከትሎ ነው። ትምህርቱ በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲጀመርም ተወሰነ። ወደ እንግሊዝኛ የሚሻገሩበት ክፍል ግን እንደየክልሉ ተለያየ፤ አንዳንዱ ከ5ኛ፣ ሌላው ከ7ኛ፣ ሌላውም ከ9ኛ ክፍል አደረገው። በ1999 ዓ.ም. ለትምህርት ሚኒስቴር የቀረበ ጥናት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ረዘም ላለ ጊዜ የተማሩት በጠቅላላው የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አመለከተ።

ይሁን እንጂ በወረቀት ላይ በሚገባ የተደረደረ እርከን ልጁን በራሱ አያሻግረውም። ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል በተከታታይ ምዘና እየተረዱ ያለ መውደቅ እንዲያልፉ የወጣው ደንብ፣ ሕፃናቱ ትምህርት እንዳያቋርጡ የታሰበ ነበር። ተማሪ በበዛበት ክፍል ግን ማለፉ ሲቀር ምዘናው ይጓደላል። በ2002 ዓ.ም. በተካሄደው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም። እንዲህ ያለው ልጅ 5ኛ ክፍል ሲደርስ የሚጠብቀው የሳይንስ መጽሐፍ፣ ማንበብን እንደሚችል አድርጎ የተጻፈ ነው።

በ2010ዎቹ የተዘጋጀው ሥርዓተ ትምህርት አንደኛ ደረጃን እንደገና ወደ 6 ዓመት መልሶታል። ስድስትም ይሁን ስምንት፣ ቍጥሩ ብቻውን የሚፈታው ነገር ጥቂት ነው። የሥርዓተ ትምህርት ዐቃጅ በየእርከኑ መጨረሻ ልጁ ሊችለው የሚገባውን ለይቶ ማስቀመጥ፣ የዘገየውን ለመርዳትም ጊዜና መጽሐፍ መመደብ ይገባዋል። የክፍሉ መምህር ድርሻም፣ ያለፈ ልጅ ሁሉ የቻለ መስሎ እንዳይታየው፣ እንደ ጥንቱ የፊደል አስተማሪ ተራውን እየለወጠ መጠየቅ ነው።