በሐምበሪቾ ተራራና በሐላባ ፍል ውሃ

በዶዮገና ያደገ ልጅ ተራራ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ነገር ግን ማየትና ማወቅ አንድ ስላልሆኑ፣ እኛ የታሪክ ተማሪዎች ከመምህራችን ጋር በአንጋጫ በኩል ወደ ሐምበሪቾ ተጓዝን።

የተራራው ከፍታ ከ3000 ሜትር ያልፋል። ለጎብኚዎች 777 ደረጃዎች ተሠርተውለታል፤ ቍጥሩም እንዲያው የመጣ አይደለም። የከምባታ ሰው «ሐምበሪቾ ላመላ» ይላል፤ ላመላ ማለት ሰባት ነው፤ ይኸውም በተራራው መጀመሪያ ሰፈሩ የሚባሉትን ሰባት ነገዶች ያስታውሳል። በቀድሞ ዘመን አባ ሰረቾ የሚባለው የሃይማኖት መሪ በዚህ ይኖር ስለ ነበረ፣ ሕዝቡ እርሱ ዘንድ ይወጣ ነበር። እኛም ደረጃውን እየቈጠርን ወጣን፤ ከ400 በኋላ ግን ትንፋሽ ስላጠረን ቍጥሩ ጠፋብን።

ከላይ ስንደርስ መምህራችን የአንቶንዮ ፈርናንዴዝን ነገር አነሡልን። በ1613 እ.ኤ.አ. ዐፄ ሱስንዮስ ይህን የፖርቱጋል ኢየሱሳዊ ቄስ ከመልክተኛቸው ከፍቁረ እግዚእ ጋር ወደ ማሊንዲ ላኩት። ቀይ ባሕርን ቱርኮች ይዘውት ስለ ነበረ፣ በደቡብ በኩል ወደ ሕንድ ውቅያኖስ መውጫ መፈለጋቸው ነው። መንገደኞቹ በእናርያና በየም አልፈው፣ ጊቤን ተሻግረው ከምባታ ደረሱ። ከዚያ ወደ ሐላባ ሲወርዱ ገዢው አሊኮ ይዞ አሰራቸው፤ በኋላም ወደ መጡበት መለሳቸው።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ከነከነን። ስለዚያ ዘመን ከምባታ ያነበብነው አብዛኛው መንገደኛ ሲያልፍ ያየው ብቻ ነው። በመጽሐፍ ውስጥ አገራችን መተላለፊያ ሆና ቀርታለች፤ እዚህ ተራራ ላይ ግን ሰው ሊደርስባት የሚመጣባት ነበረች።

ስንወርድ አንድ ሽማግሌ አገኘን። «አባባ፣ አባቶችዎ መቼ እዚህ ገቡ?» ብለን ብንጠይቃቸው፣ ዓመት በመንገር ፈንታ በጣታቸው እየቈጠሩ የአሥራ ሁለት ትውልድ ስም ነገሩን። ደብተር የያዘው ከመካከላችን አንዱ ብቻ ነበረ፤ የእርሱም እርሳስ ከስምንተኛው ስም በኋላ ተሰበረ። ሌሎቻችን በቃል እንይዛለን ብለን ነበር፤ ዱራሜ ሳንደርስ ረሳነው።

በማግስቱ ወደ ሐላባ ወርደን የአርቶን ፍል ውሃ ጐበኘን። የደጋው ብርድ በቈላው ሙቀት ተለወጠና ካፖርታችንን በክንዳችን ያዝን። ዝናም ወደ መሬት ሰርጎ፣ በስምጥ ሸለቆው ሥር ባለው የጋለ ድንጋይ ሞቆ፣ በተሰነጠቀው ዐለት ተመልሶ ይወጣል። ፍል ውሃ ከተማ ሲያስቈረቍር በአዲስ አበባ ታይቷል፤ በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው በፍል ውሃ አጠገብ ቤት አሠርተዋልና። በአርቶ ግን እንፋሎቱን እያየን ያሰብነው ስለ ፈርናንዴዝ ነበር፤ የመጣበትን ሳይፈጽም የተመለሰው ከዚሁ ከሐላባ ምድር ነው።

በመመለሻችን ሆሳዕና አደርን። የከተማዋ የቀድሞ ስም ዋቸሞ ነው፤ ራስ አባተ ቧያለው በሆሳዕና በዓል ዕለት ስለ ገቡባት አዲሱ ስም ወጣላት ይባላል። አሮጌው ስምም አልጠፋም፤ ዩኒቨርሲቲው ይጠራበታል።

በሚመጣው ቅዳሜ ወደ ሽማግሌው እንመለሳለን፤ አራት እርሳስ ቀርጸናል። ከዘጠነኛው ስም እንጀምራለን።