የአንጀት ተሕዋስያን ማኅበር፦ «ማይክሮባዮም» ምንድን ነው?

በሳዑዲ ዓረቢያ ደማምና አልኮባር የሚሠሩ እህቶቻችን ክብደት ሲጨምሩ ከአገር ቤት የሚሰሙት ወይ «ተመችቶሻል» ነው፣ ወይ «አፍሽን ያዢ»። ሁለቱም ነገሩን አይጨርሱትም። ስለ ውፍረት በቅጡ ለመነጋገር አንድ አዲስ ቃል ያስፈልገናል፦ ማይክሮባዮም። በአማርኛ «የአንጀት ተሕዋስያን ማኅበር» ብንለው ይስማማዋል።

በአንድ ሰው አካል ውስጥ 38 ትሪሊዮን ገደማ ባክቴሪያ እንዳለ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ስሌት ያሳያል። አብዛኛው የሚኖረው በትልቁ አንጀት ነው፤ ሁሉም ቢሰበሰብ ግን ክብደቱ 200 ግራም ያህል ነው። ማኅበር ያልነው ሥራው የጋራ ስለሆነ ነው፤ አንዱ የሰበረውን ሌላው ይመገበዋል። ባክቴሪያዎቹ እኛ መፍጨት የማንችለውን የእህልና የጥራጥሬ አሰር አብላልተው አጫጭር የስብ አሲዶች ያደርጉታል። እነዚህ አሲዶች የአንጀትን ግድግዳ ይመግባሉ፤ «ጠግቤያለሁ» የሚለውን መልእክት ወደ አንጎል የሚያደርሱ ሆርሞኖችም እንዲመነጩ ያግዛሉ። ከሆርሞኖቹ አንዱ ጂኤልፒ-1 ይባላል፤ ዛሬ ስሙ የገነነው ኦዘምፒክ የተባለው መርፌ የሚሠራው እርሱን አስመስሎ ነው።

ከውፍረት ጋር ያለው ዝምድና ጎልቶ የታየው በአይጦች ነው። በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ የተመራማሪው የጄፍሪ ጎርደን ቡድን አንጀታቸው ፍጹም ከባክቴሪያ ነፃ ሆኖ ላደጉ አይጦች የሌሎች አይጦችን የአንጀት ባክቴሪያ ሰጣቸው። አይጦቹ የሚበሉት ቀንሶ እንኳ በሁለት ሳምንት ውስጥ የሰውነታቸው ስብ ከግማሽ በላይ ጨመረ። ይህ በ2004 ታተመ። በ2013 ደግሞ አንዷ ወፍራም፣ ሌላዋ ቀጭን ከሆኑ መንትዮች ባክቴሪያ ተወስዶ ለአይጦች ተሰጠ፤ የወፍራሟን የተቀበሉት የበለጠ ስብ አካበቱ።

ሰው ግን አይጥ አይደለም። በ2012 አምስተርዳም ውስጥ የቀጭን ሰዎች የአንጀት ባክቴሪያ ለወፍራም ወንዶች ተሰጥቶ ኢንሱሊን በሰውነታቸው የተሻለ ቢሠራም ክብደታቸው አልቀነሰም። ስለዚህ «ባክቴሪያ የያዘ የማቅጠኛ እንክብል» ብሎ የሚሸጥላችሁን አትመኑ።

ለስደተኛ ይበልጥ የሚጠቅመው በ2018 የወጣው ጥናት ይመስለኛል። ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ወደ ሚኒሶታ በተሰደዱ የሕሞንግና የካሬን ሰዎች ላይ የተደረገ ነው። በገቡ በወራት ውስጥ የአንጀታቸው ማኅበር ስብጥሩ እየሳሳና እየተለወጠ ሄደ፤ ለውጡ ወፍራም በሆኑት ላይ ይበልጥ ከፋ። ምግባቸው ቢለወጥም ለውጡን ምግብ ብቻ አላብራራውም።

አሁን የደማምን ማዕድ አስቡት። ጤፍና ሽሮ ለለመደ አንጀት ነጭ ሩዝ በሥጋ የሆነው ከብሳ፣ ነጭ ዳቦ፣ ጣፋጭ ሻይና ለስላሳ ይቀርብለታል። ጤፍ ሲጠፋ እንጀራው ራሱ ከነጭ ዱቄት ይጋገራል። የሰው ቤት የምትሠራ ሴት ደግሞ የምትበላውንም፣ የምትበላበትንም ሰዓት ብዙ ጊዜ ራሷ አትመርጥም፤ እርሷን መውቀስ ግፍ ነው። ችግሩ የአገሬውም ነው። በ2013 በሳዑዲ በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው 15 ዓመት ከሞላቸው ሰዎች 28.7 በመቶው ከልክ ያለፈ ውፍረት ነበረባቸው። መንግሥት በ2017 በለስላሳ መጠጥ ላይ 50 በመቶ፣ በኃይል ሰጪ መጠጥ ላይ 100 በመቶ ግብር ጥሏል።

ታዲያ ምን እንብላ? የእንጀራ እርሾ ሕያዋን ምጣድ ላይ ይሞታሉ፤ ለአንጀት የሚጠቅመው ይበልጡን አሰሩ ነው። አሰር ደግሞ እዚያው ሞልቷል፤ የጠዋቱ ፉል፣ የምስር ሾርባው፣ ሽምብራው። ለበን የሚሉት የሚጠጣ እርጎም ስኳር ካልገባበት ጥሩ ነው፤ ሕያው ባክቴሪያ አለው። ሆድ እንዳይነፋ ጥራጥሬውን ቀስ በቀስ ጨምሩ፤ ውፍረቱ ከስኳር በሽታ ወይም ከደም ግፊት ጋር ከመጣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።