ጀምስ ባናና ማነው? የጌም ሙዚቃ ወደ ኦርኬስትራ መድረክ የወጣበት ታሪክ

ኦገስት 20 ቀን 1987፣ ቶኪዮ፣ ሰንቶሪ አዳራሽ። አዳራሹ ከተከፈተ ዓመት እንኳን አልሞላውም፤ የተሠራውም ለነሞዛርትና ለነቤትሆቨን ነው። የዚያን ቀን የገባው ሰው ግን ሊሰማ የመጣው «ድራገን ኩዌስት» የተባለ የቴሌቪዥን ጌም ሙዚቃ ነበር። መድረክ ላይ ቆሞ የሚመራው ደግሞ ዜማውን የደረሰው ሰውዬ ራሱ፣ ኮይቺ ሱጊያማ። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው፤ ሰባትና ስምንት መቀነስ የእናንተ ሥራ ነው።)

ዛሬ የጌም ሙዚቃ በኦርኬስትራ ሲቀርብ ማየት ብርቅ አይደለም፤ ዩቲዩብ ሞልቶታል። ታሪኩ ሲወራ ግን ብዙ ጊዜ «የልጆች መጫወቻ ድምፅ አድጎ ሱፍ ለበሰ» በሚል መንፈስ ነው የሚወራው። እኛ እንደዚያ አይመስለንም። ሙዚቃው ከመጀመሪያውም ሙዚቃ ነበር። የጎደለው የሠሪዎቹ ስም ነው፤ መድረኩ ከቫዮሊኑ በላይ ያመጣላቸው እሱን ነው ባይ ነን።

በመጀመሪያ ስለ መሣሪያው። ኒንቴንዶ በ1983 ጃፓን ውስጥ ያወጣው ፋሚኮም (እኛ ሰፈር የደረሰው ቻይና ሠራሽ ግልባጩ ነው፤ ካሴቱን እፍ ብሎ የሰካ ሁሉ ያውቀዋል) አምስት ድምፅ ብቻ ነበረው። ሁለቱ ዜማ ይይዛሉ። አንዱ ቤዝ ይመታል። አራተኛው «ሽሽሽ» እያለ ከበሮ ለመምሰል ይታገላል። አምስተኛው ጥራት የሌላት አጭር ቅጂ ማጫወት ይችላል። እያንዳንዳቸው በአንድ ጊዜ አንድ ኖታ እንጂ ሁለት አያወጡም። በዚያ ላይ ሲዘለልና ሳንቲም ሲለቀም የሚሰማው ድምፅ ከእነዚሁ ከአምስቱ ላይ ተነጥቆ ነው። ቦታውም ጠባብ ነው፦ የ1985ቱ «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» ምስሉም፣ ዜማውም፣ ሁሉም ተደምሮ 40 ኪሎባይት ነበር። አሁን በስልካችሁ የምታነሱት አንድ ፎቶ ይህን ጌም ከሃምሳ ጊዜ በላይ ይውጠዋል።

እንዲህ ባለ ጥበት ውስጥ ደካማ ዜማን በድምፅ ውበት መሸፈን አይቻልም። የሚያስተጋባ አዳራሽ የለ፣ የሚያለቅስ ቫዮሊን የለ። በዚያ ላይ ተጫዋቹ አንድ ቦታ ላይ ከተሰናከለ ያንኑ ዜማ መቶ ጊዜ ይሰማዋል፤ የሚያሰለች ከሆነ ድምፁን ይዘጋዋል። ስለዚህ ደራሲው መቶ ጊዜ ተሰምቶ የማይሰለች፣ በሁለት በሦስት ድምፅ ብቻ የሚቆም ነገር መሥራት ነበረበት። ለኦርኬስትራ የተመቸው በዚህ ምክንያት ይመስለናል። አጥንቱ ጠንካራ ስለሆነ የፈለግከውን ሥጋ ብታለብሰው ይሸከማል።

ሱጊያማ ወደዚህ ሥራ የገባበት መንገድ ያስቃል። ሰውየው በ1931 የተወለደ፣ ቴሌቪዥን ጣቢያ ውስጥ ዳይሬክተር የነበረ፣ ለማስታወቂያና ለታዋቂ ዘፋኞች ዜማ የሚሰጥ አንጋፋ ባለሙያ ነው። አንድ ቀን የኤኒክስ ኩባንያን የሾጊ ጌም (የጃፓኖች ቼዝ በሉት) ተጫወተና ከዕቃው ጋር የመጣችውን የአስተያየት ካርድ ሞልቶ በፖስታ ላከ። ኩባንያው ካርዷ ላይ ያለውን ስም ሲያይ ዓይኑን አላመነም። «እርስዎ ያ ሱጊያማ ነዎት?» በሚል የተጀመረው ወሬ በ1986 የወጣውን «ድራገን ኩዌስት» አስከተለ። የመክፈቻውን ዜማ በአምስት ደቂቃ እንደደረሰው ይነገራል፤ እሱ ግን አምስት ደቂቃና ሃምሳ አራት ዓመት ነው የፈጀብኝ ይል ነበር አሉ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ሱጊያማ ስሙ የተጻፈው፣ አዳራሹም የተከፈተለት፣ ቀድሞውኑ ስም ስለነበረው ነው። ሌሎቹስ?

በዚያው በ1986 ኮናሚ «ካስልቬንያ» የሚባል የቫምፓየር ጌም አወጣ። ሙዚቃው እስከ ዛሬ በሮክ ባንድም በኦርኬስትራም ይጫወታል። ጌሙ ሲያልቅ በሚወርደው የስም ዝርዝር ላይ የሙዚቃው ደራሲ «ጀምስ ባናና» ይላል። አዎ፣ ሙዝ! የድሮ የድራኩላ ፊልሞችን ሙዚቃ የሠራው ጀምስ በርናርድ ስም ላይ የተቀለደ ቀልድ ነው። ከቀልዱ ጀርባ ያለችው ኪኑዮ ያማሺታ የምትባል ወጣት የኩባንያው ሠራተኛ ነበረች። በ1987 የካፕኮምን «ሜጋ ማን» ሙዚቃ የሠራችው ማናሚ ማትሱማኤም «ቻንቻኮሪን ማናሚ» ተብላ ነው የተጻፈችው። ምክንያቱ ምን እንደሆነ ደጋግሞ ተነግሯል፦ ኩባንያዎቹ ጎበዝ ሠራተኛቸውን ተፎካካሪ እንዳይወስድባቸው ስሙን ይደብቁ ነበር። ከተደበቁት ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። የዚያን ዘመን ጌም «የወንዶች ዓለም» ብሎ የሚያወራ ሰው ዜማውን ማን እንደሰጠው ቢጠይቅ ጥሩ ነው።

ኮንሰርት ደግሞ በባሕርይው ስም ይፈልጋል። ፕሮግራሙ ላይ «ሲምፎኒ ቁጥር 5» ብቻ ብሎ የሚያትም አዳራሽ የለም፤ የማን እንደሆነ መጻፍ አለበት። ከ1991 እስከ 1996 ቶኪዮ ውስጥ በሱጊያማ አስተባባሪነት አምስት ጊዜ የተካሄደው «ኦርኬስትራል ጌም ኮንሰርት» የተለያዩ ኩባንያዎችን ሙዚቃ አንድ መድረክ ላይ ሲያመጣ ደራሲዎቹም አብረው መጡ። የማሪዮው ኮጂ ኮንዶና የ«ፋይናል ፋንታሲ»ው ኖቡኦ ኡኤማትሱ በዚህ መድረክ ስማቸው ከተጠራው መካከል ናቸው።

አሁን ወደ አቀናባሪው እንምጣ፤ ምክንያቱም የእሱን ሥራ ሰው አይረዳለትም። አብዛኛው የጥንት የጌም ሙዚቃ ኖታ የለውም። ደራሲው ዜማውን በቁጥርና በፊደል ለማሽኑ ነው የጻፈው። ስለዚህ አቀናባሪው መጀመሪያ በጆሮው እየሰማ አንድ በአንድ ይለቅማል። ከዚያ ራስ ምታቱ ይጀምራል። ማሽኑ ሦስት ኖታ በአንዴ ማውጣት ሲያቅተው ሦስቱን በጣም ቶሎ ቶሎ እያፈራረቀ ጆሯችንን ያታልል ነበር፤ ያንን ለክላርኔት ነፊ እንዳለ ብትሰጠው ይሰድብሃል። ማሽን አይተነፍስም፣ ትራምፔት ነፊ ግን መተንፈስ አለበት። ያ «ሽሽሽ» የሚለውስ ምን ይሁን? ስኔር ድራም? ሲምባል? ወይስ ይቅር?

ከሁሉም የሚብሰው መጨረሻው ነው። የጌም ዜማ መጨረሻ የለውም፤ ተጫዋቹ እስኪያልፍ ወይ እስኪሞት ይሽከረከራል። አዝማሪ ቤት ቢሆን ችግር የለውም፣ ሽልማቱ እስካላቆመ ድረስ ዜማውም አያቆምም። ኮንሰርት ላይ ግን ሰው ማጨብጨብ አለበት። ስለዚህ አቀናባሪው ደራሲው ጽፎት የማያውቀውን መጨረሻ ይፈጥራል። ይህ ቀላል ድፍረት አይደለም።

እኛ ከሁሉ የምንወደው ምሳሌ የ«ፋይናል ፋንታሲ 6» ኦፔራ ነው። ጌሙ የወጣው በ1994 ነው። መሣሪያው ሱፐር ፋሚኮም ስምንት ድምፅ ቢኖረውም ለድምፅ የተሰጠው የማስታወሻ ቦታ 64 ኪሎባይት ብቻ ስለነበር ዘፋኝ ቀድቶ ማስገባት የማይታሰብ ነው። ኡኤማትሱ ግን ታሪኩ ውስጥ ሙሉ የኦፔራ ትዕይንት አስገባ። ሴሌስ የምትባለው ገጸ ባሕርይ መድረክ ላይ ወጥታ «ትዘፍናለች»። የሚሰማው የሚንቀጠቀጥ የማሽን ድምፅ ነው፤ አናባቢ ይመስላል፣ ቃል የለውም። ቃሉ ስክሪኑ ላይ ይጻፋል፣ ተጫዋቹ ያነብባል፣ በጭንቅላቱ ውስጥ ይገጣጥመዋል። በዚያው ዓመት በአራተኛው ኦርኬስትራል ጌም ኮንሰርት ላይ እውነተኛ ዘፋኞች ተነስተው ዘፈኑት።

አስቡት። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ዜማውን በቃሉ ያውቀዋል፣ ቃሉንም አንብቦታል፣ ግን ጌሙ ውስጥ በሰው ድምፅ ሲዘፈን ሰምቶት አያውቅም። ለዘፋኟም ጌሙ ውስጥ የምትቀዳው ዘፋኝ የላትም። ኡኤማትሱ ጉሮሮ ለሌለው ማሽን ኦፔራ የጻፈው እንዲያው አብዶ አይደለም፤ ድምፁ በጭንቅላቱ ውስጥ ስለነበረ ነው። ኦርኬስትራው ያንን ሙዚቃ «አሳደገው» የሚለው አባባል የማይዋጥልን ለዚህ ነው።

ከጃፓን ለመውጣት ግን ጊዜ ፈጀ። አውሮፓ የደረሰው ኦገስት 20 ቀን 2003 ነው፣ ከሰንቶሪው ምሽት ልክ አሥራ ስድስት ዓመት በኋላ። ቦታው ላይፕዚግ፣ ባክ ብዙ ዘመኑን የሠራባት ከተማ፣ ጌቫንድሃውስ አዳራሽ። አዘጋጁ ቶማስ ቦከር የሚባል ወጣት ጀርመናዊ፣ የሚጫወተው የቼክ ብሔራዊ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ። በሜይ 2004 የሎስ አንጀለስ ፊልሃርሞኒክ በዋልት ዲዝኒ አዳራሽ የ«ፋይናል ፋንታሲ» ምሽት አዘጋጀ፤ ትኬቱ በቀናት ውስጥ አለቀ። በጁላይ 2005 «ቪዲዮ ጌምስ ላይቭ» በሆሊውድ ቦውል 11 ሺህ ያህል ሰው ሰበሰበ።

ስለዚህ የመጨረሻው እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ትልቅ ስክሪን፣ መብራት፣ ጭስና ጩኸት ሲበዛ ሙዚቀኛው የጀርባ ጌጥ ይሆናል። እኛ የምንመርጠው ቦከር በሴፕቴምበር 2009 ኮሎኝ ላይ ያዘጋጀውን «ሲምፎኒክ ፋንታሲስ» ነው። አቀናባሪዎቹ ዮኔ ቫልቶነንና ሮጀር ቫናሞ ዜማዎቹን እንደ ዘፈን ዝርዝር አልደረደሯቸውም፤ እያንዳንዱን ጌም ወደ አንድ ረጅም ሥራ አዋሃዱት። ከአራቱ አንዱ የዮኮ ሺሞሙራ «ኪንግደም ሃርትስ» ነበር። ሺሞሙራ ማለት ካፕኮም ውስጥ የ«ስትሪት ፋይተር 2»ን ዜማዎች አብዛኛውን የሠራችው ሴት ናት። ሰፈር ውስጥ በሳንቲም ስንደባደብ የኖርነው በእሷ ዜማ ነው፤ ስሟን ግን ማን ነገረን?

የስሙ ጉዳይ አሁንም አልተዘጋም። በ2022 «ኤይት ቢት ቢግ ባንድ» የተባለው የኒውዮርክ ጃዝ ባንድ ከ1996ቱ የ«ከርቢ» ጌም በወሰደው ዜማ ግራሚ አሸነፈ። ደስ ብሎናል፣ ቅንብሩም ይገባዋል። ነገር ግን ሽልማቱ የቅንብር ስለሆነ ዋንጫው የሚሄደው ለአቀናባሪዎቹ እንጂ ዜማውን መጀመሪያ ለደረሰው አይደለም። የቴትሪስ ዜማ ደግሞ ነገሩን ያወሳስበዋል፦ የ1989ኙን የጌም ቦይ ቅንብር የሠራው ሂሮካዙ ታናካ ነው፣ ዜማው ግን ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሚዘፈን የሩሲያ የሕዝብ ዘፈን ነው። በተቃራኒው በ2011 ለጌም ሙዚቃ የመጀመሪያ የሆነውን ግራሚ ያገኘው «ባባ ዬቱ» የራሱን ደራሲ ክሪስቶፈር ቲንን ነው ያስጠራው። ለ«ሲቪላይዜሽን 4» የተሠራ ሲሆን ቃሉ «አባታችን ሆይ» በስዋሂሊ ነው፤ ዛሬ ጌሙን ዓይተው የማያውቁ መዘምራን ሁሉ ይዘምሩታል።

ስም ሲጠራ ጥፋትም አብሮ ይጠራል። ጁላይ 23 ቀን 2021 በቶኪዮ ኦሊምፒክ መክፈቻ የየአገሩ ስፖርተኞች የተሰለፉት በጌም ሙዚቃ ነበር፤ የመጀመሪያው የ«ድራገን ኩዌስት» መክፈቻ ዜማ ነው። የእኛም ሰንደቅ ዓላማ በጌም ዜማ ታጅቦ አለፈ። ወዲያው ተቃውሞ ተነሳ። ሱጊያማ በ2007 በዋሽንግተን ፖስት ላይ የጃፓን ጦር በጦርነቱ ዘመን ሴቶችን አስገድዷል መባሉን የሚያስተባብል ማስታወቂያ ያወጣው ኮሚቴ አባል ነበርና። ከሰልፉ ሁለት ወር በኋላ፣ ሴፕቴምበር 30፣ በ90 ዓመቱ ሞተ። ዜማውን እንወዳለን፤ ማስታወቂያውን ግን እናወግዛለን። ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚኖሩ እኛም ስንከራከር አንጨርስም።

ማሪዮስ? የ1985ቱን ጌም የጨረሰ ሰው ልዕልቲቱን ያገኛል፤ የሠሪዎችን ስም ዝርዝር ግን አያገኝም፣ አልተጻፈም። በኤፕሪል 2023 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሊጠበቁ ይገባል ብሎ በሚመዘግባቸው የድምፅ ቅርሶች ውስጥ የጌም ሙዚቃ ለመጀመሪያ ጊዜ አስገባ። መዝገቡ ላይ የማሪዮ ዜማ ከነደራሲው ሰፍሯል፦ ኮጂ ኮንዶ።