የዳሃቢያ ኑሮ፤ በዓባይ ላይ በሸራ ይጓዙ ስለ ነበሩ የመንገደኞች መርከቦች

የእንፋሎት መርከብና ባቡር የላይኛውን ግብጽ መንገድ ከማሳጠራቸው በፊት፣ ከካይሮ ተነሥቶ እስከ አስዋን፣ ከዚያም አልፎ እስከ ዋዲ ሐልፋ ጥንታዊ ሕንፃዎችን ለማየት የሚሻ አውሮፓዊ ዳሃቢያ የሚባለውን መርከብ ይከራይ ነበር። ስለዚሁ ጉዞ የተጻፉት መጻሕፍት ብዙ ናቸው፤ ጸሐፊዎቹ ግን ከእልፍኙ በኩል የተቀመጡ ናቸው። ስለ ቤተ መቅደሱና ስለ ፀሐይ መጥለቅ ገጽ በገጽ ሲሞሉ፣ መርከቡን ስለሚያስኬዱት ሰዎች የሚናገሩት እግረ መንገዳቸውን ነው። እነዚህን የተበታተኑ ቃላት ለቃቅሞ ለሚያነብ ግን በአንድ መርከብ ላይ ሁለት ኑሮ ይታየዋል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እንግሊዛዊቱ ደራሲ ሚስ አሜሊያ ኤድዋርድስ በ1873 መጨረሻ ከካይሮ የተሳፈሩበት፣ ፊሌ የተባለው ዳሃቢያ፣ ርዝመቱ 100 ጫማ፣ ስፋቱ 20 ጫማ ያህል ነበረ። እንደ ማናቸውም ዳሃቢያ የኋላው ወገን ለመንገደኞቹ የተለየ ሲሆን፣ የመኝታ ክፍሎችና የመመገቢያ እልፍኝ አሉበት፤ ከበላዩም ጥላ የተዘረጋበት ሰገነት አለ። በፊሌ ላይ ፒያኖ እንኳ አልጠፋም። የፊቱ ወገን የመርከበኞቹ ነው። ትልቁ ምሰሶ፣ የቀዛፊዎቹ መቀመጫ፣ ጢሷ ወደ እልፍኙ እንዳይደርስ የራቀችውም ትንሽ ማድ ቤት በዚያ ይገኛሉ። ርይስ ከሚባለው አለቃቸው በታች ያሉት መርከበኞች ሌሊት በዚያው በጣውላው ላይ ልብሳቸውን ተከናንበው ያድራሉ። በሁለቱ ወገኖች መካከል የሚመላለሰው አስተርጓሚው ብቻ ነው፤ ግዢውም፣ ጠቡም፣ ዕርቁም በእርሱ በኩል ያልፋል።

ጉዞውን የሚወስኑት ግን ውሉም ተከራዩም አልነበሩም፤ ውሃውና ነፋሱ ነበሩ። በክረምት በአገራችን ተራሮች ላይ የዘነበው ዝናብ የግብጽን ዓባይ ይሞላዋል፤ ሙላቱ ጎድሎ፣ ሙቀቱም በርዶ የሰሜኑ ነፋስ በሚነፍስበት ወራት መንገደኞች ይሳፈራሉ። ሽቅብ ሲሄዱ ነፋሱ ሸራውን ይገፋል፤ ቁልቁል ሲመለሱ ወራጁ ውሃ ያግዛቸዋል። ስለዚህ ልማዱ ነፋስ ሳለ ሳይቆሙ ወደ ደቡብ መገስገስ፣ ሕንፃዎቹንም በመልስ ማየት ነበረ። ነፋሱ ሲያቆም መርከበኞቹ ወደ ዳር ወርደው፣ ገመድ በትከሻቸው አድርገው፣ አንዱ እያዜመ ሌሎቹ እየተቀበሉ መርከቡን ይጎትታሉ። መንገደኛው በሰገነቱ ላይ ሆኖ ይህን ዜማ ሲያደንቅ የጻፈውን ሳነብ፣ አድናቆቱን አልነቅፍም፤ ገመዱ ትከሻን እንደሚልጥ ግን መጽሐፉ አይነግረኝም።

ተከራዩ ሊያልፈው የማይችለው አንድ ነገር የመርከበኞቹ ስንቅ ነበረ። አስዩጥና እስና ሲደርሱ፣ ነፋሱ ምንም ቢስማማ፣ መርከቡ ለዳቦ መጋገሪያ አንድ ቀን ይቆማል፤ ይህም በውሉ ውስጥ ይጻፋል። ዳቦው ተጋግሮ ከመጣ በኋላ ተቆራርጦ በሰገነቱ ላይ ለፀሐይ ይሰጣል። እኛ ድርቆሽ የምንለው ዓይነት ነው፤ በምስር ወጥ ርሶ፣ ሁሉም አንድ ገበታ ከበው ይበሉታል። እንግዲህ የመንገደኛው መናፈሻ ለጥቂት ቀን የድሆች ዳቦ ማስጫ ይሆን ነበር። በዳሃቢያ ላይ ሁለቱ ኑሮዎች እንዲህ ፊት ለፊት የተገናኙበት ሌላ ስፍራ አላገኘሁም።

በአስዋን የመጀመሪያው ፏፏቴ ይገኛል (ፏፏቴ ከማለት፣ በጥቁር ድንጋይ መካከል እየተጋፋ የሚወርድ ውሃ ማለት ይሻላል)። እዚህ የርይሱ ሥልጣን ያበቃና መርከቡ በአካባቢው ሼህ እጅ ይገባል። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ገመድ ይዘው፣ እየጮኹ፣ ከዓለት ዓለት ያሻግሩታል።

ሚስ ኤድዋርድስ ከሌሎች ጸሐፊዎች ይሻላሉ፤ የመርከበኞቻቸውን ስም እንኳ መዝግበዋል። በአቡ ሲምበል ሳሉ፣ ቀድሞ ቅርጽ ለመውሰድ የተለጠፈ ጀሶ የዳግማዊ ራምሴስን ሐውልት ፊት አንጥቶት አዩ። መርከበኞቹ ከመርከቡ እንጨትና ከመቅዘፊያ መወጣጫ ሠርተው ጀሶውን ፋቁ፤ የቀረውንም ነጭ ምልክት በተፈላ ቡና ቀቡት። ደራሲዋ በ1882 የግብጽን ጥንታዊ ቅርስ ለመመርመር የተቋቋመውን ማኅበር ከመሠረቱት አንዷ ሆኑ። የማኅበሩ ታሪክ ሲነገር መወጣጫውን የሠሩት አይነሡም፤ ልናነሣቸው ይገባል እላለሁ።

ቶማስ ኩክ በ1869 የመጀመሪያዎቹን መንገደኞቹን በእንፋሎት መርከብ ካመጣ በኋላ፣ ሁለት ሦስት ወር የሚፈጀው ጉዞ በሦስት ሳምንት ያህል ይፈጸም ጀመር። ዳሃቢያ የባለጠጎች ብቻ ሆነ፤ ኋላም ከመንገዱ ጠፋ ለማለት ይቻላል። በ1902 ያለቀው የአስዋን ግድብ የፏፏቴውን ሼህ ሥራ አስቀረ፤ በ1970 የተፈጸመው ታላቁ ግድብ ደግሞ ሙላቱን ራሱን አስቀረው። ዛሬ በእስናና በአስዋን መካከል አዲስ የተሠሩ ዳሃቢያዎች ጎብኚዎችን ያመላልሳሉ። ብዙዎቹ ሞተር የላቸውም፤ ነፋስ ሲጠፋ ገመዱ በፊታቸው ከምትሄድ የሞተር ጀልባ ጋር ይታሰራል።